ዳገት የምትፈራው ካንቺል

ሻዕባን 11

ዮፕ መጂድ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ በስልክ ነገር አያበዛም። ሪንግሌት ያለውን ቤት ሊሸጠው ነው። ጉልበቱ የተራራውን ብርድ አልቻለውም፤ ከኢድ በኋላ ጆሆር ልጁ ጋ ይገባል። «ይሄን ኢድ እዚህ እናሳልፈው። የእማም መቃብር እዚሁ ነው» አለኝ። ከዚያ «መኪናህ ከቻለች» አለ።

ሰባት ዓመት በየኢዱ የሚላት ቃል ናት። መኪናህ ከቻለች። እኔም ሰባት ዓመት «አይ ዮፕ፣ ዳገቱን አትችለውም» ስል ኖሬአለሁ። እውነቴን ነው። ስምንት መቶ ሃምሳ ሲሲ ያላት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ካንቺል ናት። ከታፓ ወደ ሪንግሌት የወጣ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ አንዱን መታጠፊያ ሳትጨርስ ሌላው ይቀበልሃል። እማ የሞተች ቀን ቀብሩ ያመለጠኝም ሞቃብኝ ነው።

ዘንድሮ ግን እሺ አልኩት። አፌ እንዴት እንደቀደመኝ አላውቅም።

ሻዕባን 12

ቱርቦ!

ሰው ቤት ፍሪጅ ስር ተንበርክኬ ጋዝ ስሞላ ነው የመጣልኝ። ትንሽ ሞተር ጉልበት ያጣችው ትንፋሽ ስላጠራት ነው። ከጭስ ማውጫው የሚባክነው አየር ክንፍ ያዞራል፣ ክንፉ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ያው የእኔ የሥራ ዓይነት ነው፤ አየር መግፋት። ርካሽ ዕቃ ካገኘሁና ጎረቤቴ ሳንዲራን ከበየደልኝ ይቻላል።

ሻዕባን 15

ከሳንዲራን ጋር ኢፖ ሄድን። ብየዳ ቤቱ ከቤቴ ሦስተኛው በር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆነናል። ከጃፓን ለሁለት ተቆርጠው የሚመጡ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ ገባን። ገና መዝነቡ ነበር። ፊት እንጂ ጀርባ የሌላቸው መኪኖች በረድፍ ቆመው ሁሉም በሩን ያያሉ። የአንዷ መስታወት ላይ የሕፃን አሻንጉሊት ተንጠልጥሏል። ጀርባዋ የት አገር ቀርቶ ይሆን እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ልታገባት ነው እንዴ?» አለኝ ሳንዲራን። «ና እንጂ ማቻ፣ ልንበሰብስ ነው።» ወዳጁን ሁሉ ማቻ ነው የሚለው።

ባለግቢው አህ ኪዮንግ የሚባል ሽማግሌ ነው። ሲጋራውን ከአፉ ሳያወርድ ቱርቦዋን አምጥቶ ሁለት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። በጣቴ ክንፏን ገፋ አደረግኩት። ድምፅ ሳታሰማ ዞረች፣ ዞረች፣ ለመቆምም አልቸኮለች።

«ለምን መኪና ነው?»

«ለካንቺል።»

«ልጅህ ነው የሚነዳት?»

«እኔው ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ለሽማግሌ ቅናሽ አለኝ» ብሎ ከአራት መቶው ሃምሳ ሪንጊት ጣለልኝ። «አንድ ነገር ብቻ ስማኝ። ጋልበሃት ስትቆም ወዲያው እንዳታጠፋት። ሁለት ደቂቃ በዝግታ ትዙር። ውስጧ ያለው ዘይት እሳት ነው፤ ድንገት ካቆምከው እዚያው ያራል። ለሁሉም እነግራለሁ፣ ሁሉም ይረሳል።»

«እኔ አልረሳም» አልኩት።

ሻዕባን 22

ዘይት የሚያመላልሰውን ቱቦ ከትራክተር ጥገና ቤት በርካሽ አገኘሁ። የአየሩን ቱቦ ከደንበኛ ቤት ከተነሳ አሮጌ ማቀዝቀዣ ሠራሁት። የግፊት መለኪያ አልገዛም፤ የፍሪጅ ጋዝ የምለካበት ይበቃል። ከወንበሩ ጎን በሽቦ አሰርኩት።

«ሰው ለኢድ መጋረጃ ይቀይራል» አለች ሚስቴ ሰአዲያ።

«ዮፕ ጋ የምንወጣው በመጋረጃ ነው?»

«አውቶቡስም አለኮ፣ አባንግ።» ከተጋባን ጀምሮ አባንግ ነው የምትለኝ።

እንዳልሰማ ሆንኩ። የወንድምን ቤት ለመሰናበት በአውቶቡስ አይኬድም።

ሻዕባን 27

ሳንዲራን ዛሬ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረደው። አየር ተገፍቶ ሲገባ ሞተሩ እንዳይመታ ከስሩ ወፈር ያለ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ መግባት አለበት። ሰአዲያ የሙዝ ጥብስ በሳህን ይዛ ስትመጣ እሱ ቀጥ ያለ ብረት ቴስታታው ላይ አጋድሞ፣ በስሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል።

«ተመልከት» አለኝ። «ፀጉር አያሳልፍም። ጓርኒሲዮኑም ከፋብሪካ የመጣው ነው። ይቺ ሞተር በዕድሜዋ ሞቃ አታውቅም።»

«አንዴ ሞቃለች» አልኩ።

«ማን አለህ?»

«ማንም አላለኝ፣ የምነዳው እኔ ነበርኩ። እማ የሞተች ቀን።»

«መንገድ ላይ እስክትቆም የሞቀች ከሆነማ ይሄ ይጣመም ነበር። ሞቃ ቢሆን እዚሁ ላይ አየው ነበር። እንቁላል የመሰለች ሞተር ናት» አለና ወደ ሙዙ ዞረ።

ሰአዲያ ሳህኑን ሰጥታን ገባች።

ሳንዲራን በያጅ እንጂ መካኒክ አይደለም። ትንሽ ሞቃ፣ ሳትጣመም የምትበርድ ሞተር ሞልታለች። ይሄን ደብተር የሚያነብ ሰው የለም፤ ለማን እንደማስረዳ አላውቅም።

ረመዳን 1

ጾም ገባ። ሦስት ማቀዝቀዣ፣ ሦስቱም ጣራ ላይ። የዘይት ቱቦው አጭር ሆነ። ደከመኝ።

ረመዳን 4

ሙቀቱ ሰው አያስወጣም። ከዙሁር ሰላት በኋላ ራምቡታኑ ዛፍ ስር ጋደም አልኩ። ጾም ላይ ቀን የሚወስድ እንቅልፍ እንቅልፍም አይደል፤ ጆሮህ ነቅቶ ዓይንህ ይሄዳል። የጎረቤት ዶሮ ስትጭር እየሰማሁ ካንቺሏን ጭጋግ ውስጥ ስትወጣ አየኋት። የሞተር ድምፅ የለም። መሪውን አልያዝኩትም፣ መታጠፊያዎቹን ራሷ ታውቃቸዋለች። የጫካው ፈርን ቅጠል ወደ መስኮቱ ጎንበስ እያለ ያሳልፈናል።

እማ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። በረዶ የሚሠራበትን ሳህን ጭኗ ላይ ይዛለች። ከሳህኑ ውሃ እያንጠባጠበ ቀሚሷን አርሶታል። «ሲመችህ ና» አለችኝ፣ በደህናው ቀን ድምፅዋ።

ስነቃ ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ነበረች። ምራቄ ደርቋል። እስኪመሽ ድረስ ሥራ አልያዝልህ አለኝ።

ረመዳን 9

ሰአዲያ ሩዝ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ያን ቀን የሞቀችብህ የት ቦታ ነበር?» አለችኝ። እሷ ያኔ ከዋዜማው ጀምሮ እላይ ሪንግሌት ነበረች፤ እማን ያጠቡት እሷና የዮፕ ሚስት ናቸው።

«ፏፏቴው ጋ።»

«ፏፏቴው ጋ» አለች። ሩዙን አንድ ጊዜ ደግማ አጠበች። «ውሃ አጠገብ።»

እስክትበርድ መጠበቅ ነበረብኝ አልኳት። ደግሞ መልሼ አልኳት። አንዴ ብነግራት ይበቃ ነበር።

ረመዳን 13

ተነሳች! ሳንዲራን እጁን በፎጣ ጠርጎ «በል አስነሳት» አለኝ፤ አስነሳኋት። መጀመሪያ ምንም የተለየ ነገር የላትም። ረገጥ ሳደርጋት ግን ከኮፈኑ ስር ፉጨት መጣ፤ ሩቅ ጓዳ የተጣደ ማንቆርቆሪያ ዓይነት። የፍሪጅ መለኪያዬ መርፌ ከመቀመጫው ተነሳ።

በጎማው እርሻ መሃል ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ነዳኋት። ዛፎቹ በረድፍ ሲመጡ፣ በረድፍ ሲከፈቱ፣ በረድፍ ሲዘጉ። በሦስተኛ ማርሽ ነፍስ ዘራችና ወንበሩ ወገቤን ገፋኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳንዲራን አጠገቤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ተቀምጧል።

«ቀስ በል፣ ብየዳው የእኔ ነው።»

«ታዲያ አትተማመንበትም?»

«በብየዳው እተማመናለሁ» አለ። «በአንተ ነው።»

ዛሬ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ረመዳን 16

ዳገቱን ሞከርኩት። ብቻዬን፣ ከአስር ሰላት በኋላ። የወጣሁትን እንዴት ልጻፈው። መኪናዋ እኔ የማውቃት መኪና አይደለችም። አትክልት የጫነ መኪና አልፌ ሄድኩ፤ በዕድሜዬ ዳገት ላይ ማንንም አልፌ አላውቅም። ጭጋጉ ከሸለቆው እየተነሳ ነበር። ፉጨቷ ከቀርከሃው ጋር ሆኖ የሚያዜም ይመስለኛል። ጾሙ ራሴን አቅልሎት ይሁን ደስታው፣ መታጠፊያዎቹን እያለምኩ ነው የወጣኋቸው።

ፏፏቴው ጋ ካለችው ሱቅ ስደርስ ከራዲዮው የመግሪብ አዛን ተሰማ። ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ። ባለሱቋ ተምርና ቀይ ስኳር ውሃ ዘረጋችልኝ፣ ቢስሚላህ አልኩ። ያቺው ድንጋይ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚህ አልፌ አላውቅም። ውሃው ያው ነው፤ ይወርዳል፣ ማንንም አይጠብቅም።

ከዚህ እስከ ዮፕ ቤት አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ነዳጅ አለ፣ ጉልበት አለ። ሊጨልም ነው ብዬ ተመለስኩ።

ረመዳን 17

ሰማያዊ ጭስ። ጠዋት ሳስነሳት የጎረቤት ልብስ ማድረቂያ ድረስ ደረሰ። ፉጨቷ የለም፤ የብረት ሲር ሲር ብቻ።

ምን አደረግኩ?

ረመዳን 18

ሳንዲራን ፈታት። ክንፏን ይዞ ወዲህ ወዲያ ነቀነቀው፤ እንደ ልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ውስጧ ዘይቱ ጥቁር ከሰል ሆኗል።

«ዳገቱን ወጥተህ ስትቆም ስንት ደቂቃ ጠበቅክ?»

አላስታውስም ልለው ነበር። ከዚያ ተምሩ ትዝ አለኝ። ቁልፉን የነቀልኩት «አላሁ አክበር» ሁለተኛው ሳይባል ነው።

«አዛን ነበር» አልኩት።

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ በኋላ ግን ሳቅሁ። ሳንዲራን አህ ኪዮንግ ጋ ደወለልኝ። «በረመዳን ለማላይ ሰው ቱርቦ መሸጥ ማቆም አለብኝ» አለ ሽማግሌው በድምፅ ማጉያው። «ዘንድሮ አራተኛዬ ነህ። ሁሉም አዛን ሲሰማ ያጠፋታል። ሌላ የለኝም፣ ከኢድ በኋላ ና።»

ከኢድ በኋላ!

ረመዳን 19

ዮፕ ጋ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ሰአዲያ ከመስጊድ የታደለውን የሩዝ ገንፎ፣ ቡቡሩን፣ ወደ ሳህን እየገለበጠች ነበር።

«ምን ልትለው ነው?»

«መኪናዋ እንደማትችል።»

«ቱርቦ ሳይኖራት ሃያ ሁለት ዓመት ሄዳለች።»

«ዳገቱን ነው ያልኩሽ።»

«ዳገቱን ስንቴ ወጣችው አባንግ? እማ በሕይወት እያለች በወር ሁለቴ እንወጣ አልነበር? አራት ሰው፣ የሩዝ ጆንያ፣ ያ ሁሉ የዱሪያን ፍሬ። ቀስ ትላለች እንጂ ቆማ ታውቃለች?»

ስልኩን አስቀመጥኩት። እውነቱን እዚህ ልጻፍ፦ ትናንት ያቺን ጥቁር ከሰል ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። ቀለል አለኝ። ከሸክም የወረድኩ ያህል። ያን ስሜት ያዝኩትና አፈርኩበት፤ እስካሁንም አፍሬአለሁ።

ረመዳን 23

ለሱሁር ተነስተን ከበላን በኋላ ሰአዲያ ተመልሳ ተኛች። እኔ አልቻልኩም።

እማ ከመሞቷ ሁለት ወር በፊት ደውላ ነበር። «ፍሪጁ ውሃ እያንጠባጠበ ነው፣ ሲመችህ ና» አለችኝ። የማውጫው ቱቦ ተዘግቶ ነው፤ የአስር ደቂቃ ሥራ። በዚህ ከተማ የማንም ቤት ፍሪጅ ሲያንጠባጥብ በማግስቱ እደርሳለሁ። ለእማ ግን የሚቀጥለው ሳምንት አልኳት። ሳምንቱ ሲመጣ የሚቀጥለው አልኩ። ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ፤ በወር ሁለቴ መውጣቱም ቀረ። አንዴም አልተቆጣችኝም። ጨርቅ እያነጠፈች፣ ጨርቅ እየጨመቀች ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ዮፕ «አልፋለች፣ ከዙሁር በኋላ እንቀብራለን» ብሎ ደወለ። ወዲያው ነው የተነሳሁት። መኪናዋ ደህና ነበረች። ፏፏቴው ጋ ስደርስ ግን ያ ጨርቅ ታየኝ። ኩሽናው ገብቼ ወለሉ ላይ ያንን ጨርቅ ማየት አልቻልኩም። ትንሽ ልረጋጋ ብዬ ወረድኩ። የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁ፣ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ውሃውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ስንት እንደተቀመጥኩ ያወቅኩት የዙሁር አዛን ሲወጣ ነው።

ስደርስ አፈሩ ተመልሷል። ዮፕ አካፋ ይዞ ቆሞ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «መኪናዋ ሞቀችብኝ» አልኩ። ሰው ሁሉ አዘነልኝ። ያቺን ሚስኪን መኪና ሰባት ዓመት ስወቅሳት ኖርኩ።

ሊነጋ ነው። ጻፍኩት እንጂ ለሰው መናገር ሌላ ነው።

ረመዳን 27

ሳንዲራን የድሮውን ጭስ ማውጫ መለሰላት። ወፍራሙን ጓርኒሲዮን ግን ለመቀየር ጊዜ የለም።

«ልንገርህ አይደል» አለኝ፣ «ያ ጓርኒሲዮን ለቱርቦ ነበር የገባው። ያለ ቱርቦ ሲሆን ሞተሯን ያደክማታል። አሁን ከበፊቷም የባሰች ደካማ ናት። ይሄን ሁሉ ለፍተን አዳክመናታል።»

«ሪንግሌት ታደርሰኛለች?»

«እሷ ታደርስሃለች» አለ። ቁልፎቹን ወደ ሳጥኑ መለሰ። «በበዓሌ በዲፓቫሊ የበግ ወጥ እንደማላስቀርብህ ሁሉ አንተም የኢዳችሁን የሥጋ ወጥ፣ ሬንዳንጉን፣ ሳትይዝልኝ እንዳትመለስ።»

ረመዳን 29

ጨረቃ ታየች። ነገ ኢድ ነው። ሰአዲያ ሩዝ የተሞላውን ቀርከሃ እሳቱ ዳር እያዞረች ነው። የሥራ ሳጥኔን መኪናው ውስጥ ከተትኩት። የእማ ፍሪጅ እዚያው ይኖር ይሆናል።

ሸዋል 1

ከኢድ ሰላት በኋላ ተነሳን። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ፣ እንደገና ሁለተኛ። ከኋላችን ስድስት ሰባት መኪና ተሰልፏል፤ ጡሩምባ የነፋ የለም፣ ኢድ ነው። ማቀዝቀዣውን አጥፍተን መስኮቱን ከፈትን። የሙቀት መርፌዋ ግማሽ ላይ አልደረሰችም። አንዴ ቀና ብዬ አየኋት፣ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ጭጋጉ ውስጥ ገብተን ስንወጣ፣ ገብተን ስንወጣ፣ ሰአዲያ የቀርከሃውን ሩዝ እንደ ሕፃን አቅፋ አንቀላፋች።

የፏፏቴው ድምፅ ሲመጣ ነቃች። እግሬ ከነዳጁ ላይ ላላ ብሎ ነበር።

«ሰአዲያ፣ እዚህ ጋ ነው የተቀመጥኩት» አልኳት። «መኪናዋ ምንም አልሆነችም ነበር።»

ወደ ውሃው ዞራ አየች። ብዙ አየች።

«አትቁም» አለች ከዚያ። «ንዳ።»

ነዳሁ።

ዮፕ በር ላይ ነበር። አርጅቷል፤ በስልክ ሰው አያረጅም። ግቢው ገብቼ ቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። ቱርቦ እንኳን የላትም። እጄ ቁልፉ ላይ ነው፣ አይዞርልኝም። ሰአዲያ ወርዳ ወደ ቤት ገባች። ዮፕ በከዘራው ቀስ እያለ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ለምን አታጠፋትም? ሞቃ ነው?»

«አልሞቀችም ዮፕ» አልኩት። «ያኔም አልሞቀችም።»

ሞተሩን አጠፋሁት። ከኩሽናው የሴቶቹ ድምፅ ይመጣ ነበር።

«ያን ቀን አንተ መቃብሩ ላይ ቆመህ ሳለ» አለ ዮፕ፣ «ውሃ ልጨምርላት ብዬ ኮፈኗን ከፍቼ ነበር። በጆግ ይዤ። ራዲያተሩ አፉ ድረስ ሙሉ ነበር።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አላልከኝም ታዲያ?»

«ምን እልሃለሁ? በኢድ ታናሽ ነው ወደ ታላቅ የሚመጣው። ና ና እያልኩህ ነበር።»

ወርጄ እጁን ያዝኩና ግንባሬን አስነካሁት። በየዓመቱ በስልክ እንደ ሰላምታ የምላት ቃል አለች፤ የታየውንም ያልታየውንም ይቅር በለኝ። የመጀመሪያዋን አጋማሽ አልኩ። ሁለተኛዋ ጋ ስደርስ ቃሉ አልወጣልኝም፤ እጁን ብቻ አልለቅ አልኩት፣ እሱም አልነጠቀኝም።